ጋሽ አልፎ አልፎ እና የቅጹ ሁለተኛ መስመር

ሙሉ ስማቸውን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዶሴ ከፍቶ። ለእኛ ጋሽ አልፎ አልፎ ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው ሰው የለም፤ በገዛ አፋቸው ነው ያወጡት። አንዱ መጥቶ «ይህ መሣሪያ ጥሩ ይሠራል» ካለ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ያደርጉና «አልፎ አልፎስ?» ይሉታል። «ሊፍቱ ተጠገነ» ሲባሉ፣ «አልፎ አልፎስ?» «የአለቃችን ጸባይ ተሻሻለ» ሲባሉ፣ «አልፎ አልፎስ?» አንድ ጠዋት የበሩ ዘበኛ ለሰላምታ ያህል «ደህና ነኝ» ቢላቸው ይህንኑ ጠየቁት። ምስኪን፣ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል የወገቡን ሕመም ግማሽ ሰዓት ተረከላቸው። እሳቸውም ቆመው ሰሙት፤ በስንት ቀን አንዴ እንደሚነሣበት ጠይቀው በኪስ ደብተራቸው ጻፉ።

እኔ ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ከወሬ አይደለም። ስለ ራሴም የምናገረው አለኝ። እሱን ግን ወደ መጨረሻ ገፍቼዋለሁ፤ ሰው የራሱን ጉድ ወደ ኋላ ማድረግ ይወዳል።

የመለኪያ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮት ነበረው፤ አየር ማቀዝቀዣ ሲገባ በጡብ ደፈኑት፤ ማቀዝቀዣው በሁለተኛው ወር ተበላሸ፤ መስኮቱን የሚመልስ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ሦስት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ የቀለጠ ቆርቆሮ ሽታ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርሙ ማራገቢያዎች፤ ሀብታችን ይኸው ነው። ሥራችን ሲነገር ቀላል ነው፦ የሬዲዮ ማሰራጫ ይመጣል፣ እንለካዋለን፣ ወረቀት ላይ እንፈርማለን፣ ይሄዳል። ያለዚያች ፊርማ አንድም ሳጥን ከግቢው አይወጣም። ፈራሚው ጋሽ አልፎ አልፎ ነበሩ። በዚህ የተነሣ በግቢው ውስጥ እንደ እሳቸው የሚከበርም የሚጠላም ሰው አልነበረም፤ ክብሩ በኮሪደር፣ ጥላቻው በየቢሮው በር ተዘግቶ።

ጣጣው የመጣው ከዲጂታሉ ጋር ነው። በድሮው ዘመን ማሰራጫ ስትለካ መርፌዋ ትነሣለች፣ ሃምሳ ዋት ላይ ትቆማለች፣ አለቀ። የዲጂታሉ ሲግናል እንዲያ ያለ ጨዋ አይደለም። በውስጡ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ሞገዶች አብረው ይጓዛሉ፤ እያንዳንዱ የየራሱን መልእክት ይዞ። ጋሽ ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስረዱ እንዲህ ይሉ ነበር፦

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያወራ አስብ። ሁሉም የሚያወራው የራሱን ነው፤ ስለዚህ የምትሰማው ጉምጉምታ ነው። አንዳንዴ ግን፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሁሉም እኩል ይጮኻሉ። ቅጽበት ናት። አማካዩን ከጠየቅኸኝ ጉምጉምታ ነው የምልህ። ጣሪያው የሚሰነጠቀው ግን በዚያች ጩኸት ነው።»

ስለዚህ አማካይ ኃይሉን ለክተው አይነሡም። መለኪያውን ሚሊዮን ጊዜ እንዲያይ ያዙትና ይቆጥራሉ። ከአማካዩ አራት እጥፍ በላይ የወጣው ከመቶ ስንቴ ነው? ሰባት እጥፍስ? ዘጠኝ እጥፍስ? ጤነኛ ሲግናል ከሺህ አንዴ ሰባት እጥፍ ይደርሳል፤ ከአስር ሺህ አንዴ ዘጠኝ እጥፍ። እነዚህን በካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ ነጥብ በነጥብ ያስቀምጡና በአንድ ኩርባ ያያይዟቸዋል። ማሽኑ ራሱ ያንን ኩርባ በሁለት ሰከንድ ስክሪኑ ላይ ይሥለዋል፤ ጋሽ ግን የማሽን ሥዕል አይዋጥላቸውም። «እጅህ ሲሥለው የት ላይ እንደወደቀ ይሰማሃል» ይላሉ። የማሰራጫው ማጉያ አቅም ካነሰው እነዚያን የጩኸት ጫፎች ይቆርጣቸዋል፤ ኩርባውም መድረስ ያለበት ሳይደርስ ቁልቁል ይወርዳል። የተቆረጠው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም። ፍርፋሪው ተረጭቶ የጎረቤቱን የሬዲዮ መስመር ያቆሽሻል።

ይህ ሥራ ሰውን ያበላሻል። ጋሽ ዓለምን ሁሉ በዚያች ኩርባ ማየት ጀመሩ። ከአፋቸው የሚወጣ ትልቁ ስድብ «በአማካይ ጥሩ ነው» የሚለው ነበር። ሌላው ሰው ተናዶ ዘር ማንዘር ሲቆጥር፣ እሳቸው ይህችኑ ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ልጃቸው ልታገባው ያሰበችውን ሰው፣ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ይዛ ቤት መጣች። ቁጥብ፣ ትሑት፣ ጥርሱ ነጭ፣ ሲቀመጥ እንኳ ወንበሩን አስፈቅዶ። እንደወጣ ልጅቷ «አባዬ፣ እንዴት አየኸው?» አለች።

«በአማካይ ጥሩ ልጅ ነው።»

ሁለት ሳምንት አላናገረቻቸውም። በሦስተኛው ወር ያ ትሑት ሰው ምግብ ዘገየብኝ ብሎ አስተናጋጅ ላይ ብርጭቆ ወረወረ፤ ልጅቷም ቀለበቱን መለሰችለት። አባትዬው «ነግሬሽ አልነበረም?» አላሏትም። ይህ ጨዋነታቸው ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚያናድደው እሱ ነው።

ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምላቸው፤ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ልጅቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ለአስራ ሁለት ሰው የሚሆነውን ጠረጴዛ ከቆጠርነው ሦስት። ጠረጴዛው ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዞታል። ወደ መኝታ ቤት የሚያልፍ ሰው ሆዱን ሰብስቦ በጎን ነው የሚያልፈው።

«ዘመድ ተሰብስቦ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው» አሉኝ እትዬ አንድ እሑድ ዳሌያቸውን እያሻሹ። «ለዚያች አንድ ቀን ሲባል ዓመቱን ሙሉ ይሄ ማዕዘን ይወጋኛል። ሒሳቡን ሠርቼለታለሁ፤ በአማካይ ሁለት ከምናምን ሰው ነው የሚበላበት።»

«የመጡ ዕለት ግን ቆሞ የበላ የለም» አሉ ጋሽ ከሻያቸው ቀና ሳይሉ።

«የለም። እኔ ግን እያነከስኩ ነው ያስተናገድኳቸው።»

እንዲህ እየተባለ ሲኖር ዳይሬክተሩ መጣ። አንቱ የምለው ፊት ለፊት ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ በነጠላ አወራዋለሁ። ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት በእድገት እየተሸኘ የመጣ ሰው ነው፤ የትም ከሁለት ዓመት በላይ ስላልቆየ የሠራው ነገር ሲፈርስ አይቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ስብሰባ «ከእንግዲህ የምንለካው በውጤት ነው» አለ። እኛ ለካዮቹ እርስ በርስ ተያየን። በሁለተኛው ስብሰባ የፍተሻ ቅጹን አሻሻለልን። የድሮው ቅጽ ሁለት ገጽ ነበር፤ ሁለት ዋና መስመሮችም ነበሩት። አንደኛው «አማካይ ኃይል» ይላል፤ ሁለተኛው «የጫፎች ስርጭት» ይልና የጋሽ ኩርባ ከሥሩ ይለጠፋል። አዲሱ ቅጽ አንድ ገጽ ሆነ፤ ወረቀት ለመቆጠብ ነው ተባለ። ሁለተኛው መስመር ከተቆጠበው ወረቀት ጋር አብሮ ተቆጠበ። የዕለቱ ቃለ ጉባኤ አራት ገጽ ነበር።

ለምን እንደተጣደፈ ወዲያው ገባን። ለአምቡላንሶች አዲስ የዲጂታል መልእክት መስመር ሊዘረጋ ነው። መቶ ሃያ ማሰራጫ ገብቷል፣ የምረቃው ቀን ተቆርጧል፣ በምረቃው የሚቆረጠው ሪባን ሳይቀር ተዘጋጅቷል። የቀረው የጋሽ ፊርማ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ አስቀድሞ ለጎብኚዎች ሙከራ አሳየ። ማሰራጫው ውስጥ አንድ ወጥ ሲግናል አስገባ፤ እንደ ፉጨት፣ ከፍታም ዝቅታም የሌለው። ቁጥሩ ሃምሳ ዋት ላይ ቀጥ አለ። ሃምሳ ይሰጣል ተብሎ ነበር፣ ይኸው ሃምሳ ሰጠ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ፤ አንዱ ፎቶ አነሣ፤ ቁጥሩን ሳይሆን ራሱን።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አሉኝ ጋሽ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጫፍ የሌለው ሲግናል አስገብቶ ጫፍ አይቆርጥም ይለናል።»

ጎብኚዎቹ ከወጡ በኋላ ትክክለኛውን ሲግናል አስገቡ። በሦስት ቀን ሃያ ማሰራጫ ለካን። እኔ ቁጥሩን አነብባለሁ፣ እሳቸው ነጥቡን ያስቀምጣሉ። ኩርባው እስከ አራት እጥፍ ድረስ አምሮበት ሄደና ወደቀ። የሁለተኛውም እዚያው ላይ። የሃያኛውም። አማካዩ ግን ሁሉም ላይ ሃምሳ ዋት ነው፤ ንቅንቅ የለም። ጋሽ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ደስ አላላቸውም፤ ትክክል ሆነው ሲገኙ ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም።

ፊርማው ሲዘገይ ዳይሬክተሩ ራሱ ምድር ቤት ወረደ። ደረጃው የት እንደሆነ ጠይቆ ነው የመጣው።

«ጋሽዬ፣ መሣሪያው ሃምሳ ዋት አይሰጥም እንዴ?»

«ይሰጣል።»

«ታዲያ?»

«አልፎ አልፎ ይቆርጣል። ሲቆርጥ ፍርፋሪው ጎረቤት መስመር ላይ ይደፋል። እዚያ መስመር ላይ ከሩቅ የሚመጣ ደካማ መልእክት ካለ ይዋጣል። ወደ ሃያ ዋት እናውርዳቸው፤ ያኔ ጫፎቹ ቦታ ያገኛሉ። ርቀቱ ስለሚቀንስ ጥቂት ጣቢያ መጨመር ነው። ሦስት ወር ቢፈጅ ነው።»

«የሚዋጠው ከስንት አንዴ ነው?»

«ከሺህ አንድ ሁለት መልእክት።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የምር ቀለል ብሎት ነው። «እርስዎ ደግሞ አስደነገጡኝ እኮ። ከሺህ አንድ? የኔ ስልክ ራሱ እንደዚያ አይሠራም። አቅጣጫ ተቀምጧል ጋሽዬ፤ ምረቃው አይገፋም።»

«በርስዎ ስልክ በሽተኛ አይጫንም።»

«ቅጹ ላይ የተጠየቁት እኮ አማካዩን ብቻ ነው።»

«ለዚያ ነው የማልፈርመው» አሉ ጋሽ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው እየመለሱ።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሳቸው። «ያካበቱትን የካበተ ልምድ ለዕቃ ግምጃ ቤቱ እንዲያካፍሉ» ተዛውረዋል። ለጡረታቸው ሰባት ወር ሲቀራቸው ብሎን በመጠን በመጠኑ መለየት ጀመሩ፤ ለዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት የመለኪያ ልምድ በእውነት ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ አዘነላቸው፤ ያው በር ተዘግቶ። እኔም አዘንኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ግን ዝም አልኩ። ሃያዎቹን ኩርባዎች በክሊፕ አያይዘው መሳቢያዬ ውስጥ ትተውልኝ ሄዱ። ምንም አልጻፉበትም።

አዲሱ ቅጽ በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። «ተጠባባቂ የመለኪያ ክፍል ኃላፊ» የሚል ቲተር ከነስሜ ተቀርጾ ቀድሞኝ ደርሷል። ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት ፈለግኩ፤ የለም። «አማካይ ኃይል፦ ሃምሳ ዋት።» እውነት ነው፤ ራሴ ያነበብኩት ቁጥር ነው። አንዲት የውሸት ቃል የለችበትም። እኔ ደግሞ ውሸት ላይ የምፈርም ሰው አይደለሁም። ልጆች አሉኝ፤ ሐቀኝነት አስተምራቸዋለሁ። ስለዚህ እውነቱ ላይ ፈረምኩ፤ መቶ ሃያ ጊዜ። አርባኛው አካባቢ እጄ ለመደው።

ምረቃው አማረ። ሪባኑ በመጀመሪያው መቀስ ተቆረጠ፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ታሪክ በአንድ ሙከራ የተሳካ ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከኋላ ረድፍ ቆሜ ከሰው እኩል አጨበጨብኩ። ብዙም ሳይቆይ «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ከቲተሬ ላይ ወደቀች፤ ዳይሬክተሩም እንደ ልማዱ በእድገት ተሸኘ።

በስምንተኛው ወር ከአምቡላንስ አገልግሎቱ ደብዳቤ መጣ። «መሣሪያዎቹ በአጠቃላይ ጥሩ ናቸው። ሆኖም አልፎ አልፎ መልእክት ይጠፋል» ይላል። ያችን ቃል ሳይ ጆሮዬ ጋለ። ኃላፊ ነኝና መልስ ጻፍኩ፦ ሥርዓቱ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ስምንቱን መልእክት በአስተማማኝ ሁኔታ እያደረሰ እንደሚገኝ በአክብሮት ገለጽኩ። ይህም ውሸት አልነበረውም። በዚህ በኩል ጎበዝ ሆኛለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የአምቡላንስ ሾፌር ምድር ቤት ድረስ መጣ። ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የጻፍኩትን መልስ አጥፎ በእጁ ይዟል።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ባለፈው ማክሰኞ አድራሻ ተላከልን» አለ። «መንገዱ መጣ፣ ሕንጻው መጣ። የቤት ቁጥሩን የያዘው መልእክት አልመጣም። መልሰን ብንጠይቅ መስመሩ ተይዟል። ሕንጻው ስድስት ፎቅ ነው። ከታች ጀምረን በር እያንኳኳን ወጣን። ሰውየው አምስተኛ ፎቅ ነበር። ሚስትየው በሩን ከፍታ ትጠብቀን ነበር፤ የመኪናችንን ድምፅ ከሰማች ቆይታለች፣ ለምን እንደማንወጣ ግን አልገባትም።»

«ሰውየውስ?» አልኩ።

«አስራ አንድ ደቂቃ ፈጀብን። አልጠበቀንም።»

ደብዳቤዬን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር፤ እኔም መቆጣት እችል ነበር።

«ከሺህ ስንተኛው እንደሆነ እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት» አለ። «ሚስትየው ከጠየቀችኝ የምላት ነገር ልያዝ ብዬ።»

ደብዳቤውን መልሼ አጠፍኩት። ትንሽ ጠብቆኝ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሻይ እየጠጣ አራት ጊዜ ተሰበሰበ። ማን እንደፈረመ ጠየቁ፤ እኔ አልኩ። ቅጹን አዩት፤ በሙሉ ተሞልቷል። «ፍተሻው በቅጹ መሠረት በአግባቡ ተከናውኗል» ብለው ጻፉ፤ እጄንም ጨበጡኝ። ቅጹን ማን እንዳሳጠረው የጠየቀ የለም። ሃያዎቹ ኩርባዎች ከመሳቢያዬ ወጥተው አያውቁም፤ ያሳየኋቸው እንዳይመስላችሁ።

እሑድ ኩርባዎቹን ይዤ ጋሽ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ወጥተዋል። በዚያ ጠረጴዛ አንደኛው ጫፍ እትዬ የተማሪ ደብተር ያርማሉ፤ እሳቸው ሌላኛው ጫፍ ላይ ሬዲዮ ፈተው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ተቀመጥኩና ከሾፌሩ ጀምሬ እስከ ኮሚቴው ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ኩርባዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው፤ ሃያውም ተዘርግተው ቦታ ተረፈ።

«አወረዱት?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ኃይሉን። ወደ ሃያ ዋት።»

«ገና ነው ጋሽዬ። ኮሚቴው ሌላ ንዑስ ኮሚቴ…»

«የመለኪያ ክፍሉ ኃላፊ ማነው?»

«እኔ።»

«አውርዱ ብሎ መጻፍ የሚችለውስ?»

እኔው ነኝ። ያንን ወረቀት ለመጻፍ የአንድ ጠዋት ሥራ ይበቃል፤ ስምንት ወር ሙሉ ይበቃ ነበር። ግን አውርዱ ካልኩ፣ መጀመሪያውኑ ለምን ፈረምክ ይሉኛል። ይህን ለጋሽ መንገር አቃተኝ። ሌላ ነገር ነገርኳቸው።

«ጋሽዬ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ» አልኩ። «በሺህ የሚቆጠር ወረቀት አይቻለሁ። ከእጄ የተበላሸ ነገር ወጥቶ ያውቃል? እርስዎ ራስዎ ምስክር ነዎት። አንዴ ነው። አንዴ ብቻ።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ማንቆርቆሪያውን አነሡና ብርጭቆዬን ሞሉልኝ።

«አንተ በአማካይ ጥሩ ሰው ነህ።»

ከጠረጴዛው ጫፍ የእትዬ እስክሪብቶ ቆመ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረዋቸው ኖረዋል፤ ያችን ቃል ያውቋታል። ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።